የቦርደዴ ግመሎች በቴሌቪዥን

ጣሂራ አብዱልቃዲር አሰበ ተፈሪ ውስጥ አንደኛ ክፍል ታስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ ለትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን መጣ። በሳምንት ሁለት ጠዋት ስልሳ ልጆች መሬት ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው ከአዲስ አበባ በአማርኛ የሚተላለፈውን የቁጥር ትምህርት ያያሉ። ዓይናቸውን አይነቅሉም። ትምህርቱ ግን አይገባቸውም።

አንድ ቀን በቴሌቪዥኑ የሚያስተምረው አሻንጉሊት፣ ሐይቅ ላይ የሚሄዱ ታንኳዎችን ቆጠረ። ጣሂራ ምን እንዳዩ ስትጠይቅ የከብት ነጋዴ ልጅ የሆነችው ፋጤ ተነሳችና በኦሮምኛ፣ ሰዎች የከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥ ተቀምጠው አየሁ አለች። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ያዩት እሱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጣሂራ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እየቀነሰች ራሷ በኦሮምኛ ትተርክ ጀመር። ታንኳ ምን እንደሆነ ታስረዳለች፤ ቁጥሩን ግን ልጆቹ በሚያውቋቸው በቆላው የቦርደዴ ግመሎች ታስቆጥራለች። ልጆቹም አብረዋት ጮክ ብለው መቁጠር ያዙ።

አንድ ረፋድ እንዲሁ ስታደርግ በሩ ላይ የቆመ እንግዳ አየች። አቶ ብሩ ይባላል፤ ፕሮግራሙን ከሚያዘጋጁት አንዱ ነው። የመጣው ልጆቹ ትምህርቱን እንዴት እንደሚቀበሉት ለማየት ነበር። ጣሂራ እጇ የድምፁ ቁልፍ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ከሥራ እንደምትባረር አልተጠራጠረችም። ቢሆንም የፋጤን መልስ ሳትደብቅ ነገረችው።

«ያንን ታንኳ ለመቅረጽ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል» አለ ሰውየው። «እስቲ ግመሎቹን ያሳዩኝ፣ መምህር።»

ከወር በኋላ ካሜራ ይዞ ተመለሰና አብረው ቦርደዴ ወረዱ።

ትምህርቱ በተላለፈበት ጠዋት ግመሎቹ አቧራ እያስነሱ ብቅ አሉ። አሻንጉሊቱም በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብሎ ቆጠረ። ልጆቹ ያ ሣጥን በቋንቋቸው ሲናገር ሰምተው አያውቁም ነበር። ስልሳዎቹም ሳይታዘዙ ብድግ አሉ። ፋጤ ቀስ ብላ ሄዳ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ጣሂራ ተቀመጪ አላለቻትም።

በሰኔ፣ ከጣና ዳር፣ ሰርክአዲስ ከምትባል መምህርት በአቶ ብሩ በኩል ደብዳቤ ደረሳት። ተማሪዎቿ ከዚያ በፊት ግመል አይተው ስለማያውቁ፣ በቴሌቪዥኑ ትምህርት ሻኛውን ሲያዩ፣ ጀርባው ላይ የተጫነው ምንድን ነው፣ ለምንስ አያወርዱለትም ብለው አስጨንቀዋታል። ጣሂራ ደብዳቤውን ለክፍሉ አነበበች። ልጆቹ ሳቁ። ግመል የማያውቅ ልጅ በዓለም ላይ መኖሩን የሰሙት ያን ቀን ነበር።

«መልሱን እናንተ ንገሩኝ፤ እኔ እጽፋለሁ» አለቻቸው።

ሳትጨርስ ስልሳ እጅ ወጣ።