አባባ የመረጡት ካሴት

ትናንት ከአሮጌ ካሴት የልጅነት መዝሙሬን ሰማሁ፤ ሲያልቅ ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ቀጠለ።

በደርግ ጊዜ ጎንደር ሳለን የኮሌጅ አስተማሪው አባባ ከውጭ ያመጧትን ትንሽ ኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል ሊያስጽፏት ይታገሉ ነበር። ትእዛዛቸውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልሱ ሁለት ፕሮግራሞች በሁለት የቴፕ ካሴት ላይ እንደ ድምፅ ተቀድተው ነበሯቸው። አንድ እሑድ ትንሹን ፕሮግራም መረጡ።

«ትልቁ ሸጋ ነው፤ ግን ቤቱን ሞልቶ ለፊደላችን ቦታ አይተውም» አሉኝ። ቤት ያሉት የኮምፒውተሯን ጠባብ የማስታወሻ ቦታ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ሲወጡ የመረጡትን ከፍቼ ብሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ ጩኸቱ ራሱ ፕሮግራሙ መሆኑን ሳላውቅ የተበላሸ መሰለኝ። እንዳይቀዳበት አባባ በካሴቱ ጠርዝ ያለውን የፕላስቲክ ጥርስ ሰብረውታል። እኔ ግን እንደ ሰፈር ልጆች ቀዳዳውን በወረቀት ወትፌ የቀበሌ መዝሙሬን ቀዳሁበት።

አባባ ሰምተው «ድምፅሽ ሸጋ ነው» አሉ እንጂ አልተቆጡኝም። የፕሮግራሙ ሌላ ቅጂ ስላልነበራቸው ግን ኮምፒውተሯን በጨርቅ ሸፈኗት፤ ዳግም አልገለጧትም።

ትናንት ለእህቴ በስልኬ «አባባ» ብዬ ጻፍኩላት። ፊደሎቹ ሁሉ ቦታ አላቸው።