እግሬ በእንግሊዝኛ

ብዙ ወሬ አልወድም፤ ይህን ግን ላውጋችሁ። ልጄ፣ ዲላ ከተማ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ጓደኛዋን ወናጎ ወዳለው ቤታችን ይዛው መጣች። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልየው ብዬ ነበር።

የቡና ጥላ ዛፍ ስመለምል ወድቄ ከተሰበርኩ ወዲህ ቀኝ እግሬ አይታጠፍም፤ የምሄደው በከዘራ ነው። ልጁ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ልጄ ጠጋ ብላ፣ «ሃንዲካፕድ ነው ብዬህ አልነበር?» አለችው።

«ቀስ በይ! እሱ ቃል ዛሬ ነውር ነው። ዲስኤብልድ ነው የሚባለው።»

«ዲስኤብልድማ ምንም የማይሠራ ያስመስለዋል። አባዬ እኮ አሁንም ዛፍ ላይ ይወጣል!»

«እንግዲያው ሰው የሚለውን አስቀድሚ፤ ፐርሰን ዊዝ ዲስኤቢሊቲ በይ።»

«ስለ እግሬ ነው?» አልኩ።

ልጁ አላበው። «ይቅርታ አባባ፣ ሁሉም አካል ጉዳተኛ ለማለት ነው» ብሎ ቃላቱን አንድ በአንድ ያስረዳኝ ጀመር፤ የትኛው ድሮ ይባል እንደነበር፣ የትኛው ሰው እንደሚያስቀይም። እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። የተቆጣሁ መስሎት የባሰ አብራራ። ልጄም ነገሩ ተበላሸ ብላ አንገቷን ደፋች።

በመጨረሻ የዲላ መኪና እንዳያመልጠው ብድግ ሲል እግሮቹ ከዱት፤ ተንገዳግዶ የበሩን መቃን ያዘ።

«ለዚህስ ምን ይባላል?» አልኩት።

«ኧረ አባባ፣ ደንዝዞብኝ ነው!»

ሳቄ አመለጠኝ። ልጄ ቀና ብላ በድንጋጤ አየችኝ። ከዘራዬን አቀበልኩትና፣

«ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ይዘውልኝ ይምጡ» አልኩት።