ዋሻው ያለበት ቴምብር

በጃንሆይ ዘመን መርካቶ ውስጥ የራሱ ፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ጌታ ነበር። የእኛ ጌታ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጨርቅ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አንቱታውን ነስቼዋለሁ።

ለሠፈርተኛው ሁሉ ደብዳቤ የሚመጣው በእሱ ቁጥር ነው። ለውለታው ቴምብራችንን ይወስዳል። ቴምብር ይሰበስብ ነበርና፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማስለቀቁ ሲሰለቸው የፖስታውን ጥግ በመቀስ ቆርጦ ያስቀርና የተረፈውን ይሰጠናል። ዝም እንላለን። ያ ዝምታችን ዛሬም ያበግነኛል።

አንድ ቀን ወንድሜ ከትውልድ አገራችን ከባሌ የጻፈልኝ ደብዳቤ መጣ። ነጋዴው ደስታውን መደበቅ አቅቶት አልበሙን ገልጦ አሳየኝ። ከእኔ ፖስታ የቆረጠው አዲስ ቴምብር ላይ የታተመው የአገራችን ዋሻ ነው፤ ወንዝ በውስጡ የሚያልፍበት፣ አባቴ በልጅነቱ ፍየሎቹን ከዝናብ ያስጠለለበት።

«ይኼ አልነበረኝም እኮ!» አለኝ።

ፖስታውን ስከፍት መቀሱ ወረቀቱንም በልቶታል። አራት ላይ ታጥፎ ስለነበር ስዘረጋው መሀሉ ተቦትርፏል። «አባታችን ዓይኑን ሊታከም ይመጣል» ይላል። «ብቻውን ስለሆነ አውቶቡስ ተራ ጠብቂው፤ የሚደርሰውም» ይልና ቀዳዳ።

«ጋሼ፣ ቀኑን እኮ ቆርጠውታል! የወረቀቱ ቁራጭ የታል?»

«ቁራጩማ ተጥሏል። በየቀኑ ብቅ በይ፤ ቅርብሽ አይደል?» አለና ወደ አልበሙ ተመለሰ።

ስድስት ቀን ሄድኩ። በሰባተኛው ቀን፣ ልብስ የምሰፋላት አሠሪዬ «ዛሬ ንቅንቅ የለም» አለችኝ። አባቴ የመጣው በሰባተኛው ነው። ግድግዳ ተደግፎ ድምፄን ሲጠብቅ ውሎ አደረ፤ በማግስቱ አንድ ሹፌር አዝኖለት መለሰው። ሁለተኛ አዲስ አበባ አልሄድም አለ። ይህንንም የሰማሁት ከወንድሜ ሌላ ደብዳቤ ነው። እሱም ጥጉ ተቆርጦ ነው የደረሰኝ።

በዓመቱ አገር ቤት ስገባ የአባቴ ዓይን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ያንን ቀኑ የተቆረጠበትን ደብዳቤ ይዤለት ሄጃለሁ። ስለ ሰውዬው፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ አልበሙ ብነግረው አልገባው አለ፤ ቴምብር ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። በንዴት እያለቀስኩ ጣቱን ያዝኩና በቀዳዳው አስገባሁለት።

ዳር ዳሩን ቀስ ብሎ ዳሰሰው።

«ይቺን ለምታህል ነገር?» አለኝ።