የሞተር ክፍሉ የብረት በር

እዚህ የምጽፈው ሁሉ ልክ እንደጻፍኩት ስለመሆኑ አልምልም። የተኩሱ ቅደም ተከተል፣ ማን ከማን በፊት እንደተናገረ፣ በዕድሜ ብዛት ተደባልቆብኝ ይሆናል። ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ፣ ባሕር አይተው ለማያውቁ ተማሪዎች ስለ መርከብ ስናገር ራሴን እጠራጠራለሁ።

በባሕር ኃይል ማሠልጠኛ የተማርነው በአንድ የእንግሊዝ ክሩዘር ንድፍ ነበር። ክሩዘር ትልቅ የጦር መርከብ ነው። ሞተሩንና የጥይት መጋዘኑን ወፍራም ብረት ይከልላቸዋል፤ ሆዱም ውኃ በማያሳልፉ በሮች ተከፋፍሏል። አንዱ ክፍል ሲሞላ በሩ ይዘጋል፤ የቀረው ይተርፋል። የእኛ መርከብ ትንሽ ነበረች። ከዚያ ንድፍ በሮቹ እንጂ ወፍራሙ ብረት አልደረሳትም።

ከጅጋ ገጠር የመጣው ጓደኛዬ ታደለ ይቀልድብኝ ነበር። «አንተ ዩኒቨርሲቲ የበጠስህ፣ ብረት ይንሳፈፋል ብለህ ጽፈህ አለፍህ። እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬም አላመንሁ።»

ስንቅ የጫኑ ጀልባዎችን እንድናጅብ ታዘዝን። ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ፈጣን ጀልባዎች ከደሴት ጀርባ ወጥተው ተኮሱብን። ሞተር ክፍል ውስጥ ሰባት ነበርን። ውጊያውን አላየነውም፤ ሰማነው። በላያችን ያለው መውጫ ተመትቶ ተጣመመ፤ አልከፈት አለ። ቀጥሎ የኋላው የፓምፕ ክፍል ተበሳ። ታደለ እዚያ ብቻውን ነበር፤ መውጫውም በእኛ በኩል ብቻ ነው። በመካከላችን ያለው በር ተዘጋ። ማን እንደዘጋው አላየሁም።

«እንክፈትለት!» አልሁ።

«ከከፈትህ ሁላችንም እናልቃለን» አለ አለቃችን። «እጅህን አንሣ፣ ወንድሜ።»

መያዣውን ሳብሁት። አልተንቀሳቀሰም። በእርግጥ ስቤው እንደሆነ፣ ወይስ ፈርቼ እጄን ብቻ አሳርፌበት እንደሆነ፣ ዛሬም አላውቅም።

በሞተር ጩኸት ውስጥ የምንነጋገረው ቧንቧ በመፍቻ በመምታት ነበር። አንድ ምት «አለሁ» ማለት ነው። ታደለ መታ። መለስንለት። ደግሞ መታ። ውኃው በበሩ ጠርዝ ጠብ ጠብ ይል ነበር። እኛ መምታታችንን ቀጠልን፤ መልሱ ግን ቆመ።

መርከቧ አልሰጠመችም። ተጎትታ ወደብ ስትደርስ መውጫውን በእሳት ቆርጠው አወጡን። ከላይ አራት፣ ከታች አንድ፣ አምስት ሰዎች ሞተውብናል።

ጅጋ ሄጄ ለእናቱ ነገርኳቸው። ብዙ አላለቀሱም። «ልጄ፣ በሩን የዘጋበት ማን ነው?» ብቻ አሉኝ። እግራቸውን ስሜ ወጣሁ። ምናልባት እኔ ነኝ ለማለት ድፍረት አጣሁ።

ባለፈው ዓመት፣ እናቱ ካረፉ በኋላ፣ ያኔ በወደቡ ጥገና ክፍል ብየዳ ይሠራ የነበረ ሰው ቡሬ እንደሚኖር ሰምቼ ሄድሁ። የተበሳውን ጎን ቆርጦ መጀመሪያ ወደ ፓምፕ ክፍሉ የገባው እርሱ ነው። አብሮት የገባውንም ሰው ለብቻው ጠየቅሁት፤ ቃላቸው አንድ ነው። የበሩ መያዣ ከሁለቱም ወገን ይሠራል፤ በአንዱ ወገን ከታሰረ በሌላው አይዞርም። በታደለ ወገን ያለው መያዣ በገዛ ቀበቶው ከቧንቧው ጋር ጠብቆ ታስሮ ነበር።