ነቀፋ የሌለበት ማለት

በመሥሪያ ቤቱ «መዝገቧ» ይሏታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራተኛውን ፋይል የከፈተችም የዘጋችም፣ ጡረታ ለሚወጣው የምስክር ወረቀት የጻፈችም እሷ ናት። የራሷ ጡረታ ሦስት ቀን ሲቀረው ታዲያ ሌላ ጸሐፊ ስላልነበረ የራሷንም ልትጽፍ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። ተቀመጠች ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ የተቀረጸ እርሳስ መልሳ ትቀርጻለች።

ያስቸገራት አንድ ቃል ነው፦ «ነቀፋ የሌለበት»። ቀረብ ብለው ሲያዩት የዚህ ቃል ጠባይ በጣም ይገርማል። «ታታሪ» ስንል ሰውየው የሠራውን እንናገራለን፤ «ታማኝ» ስንልም እንደዚያው። «ነቀፋ የሌለበት» ግን የሚናገረው ስለ ሌሎች አፍ ነው፤ ማንም ጣቱን አልቀሰረበትም ይላል። «ነውር የሌለበት» ካልን ደግሞ ነገሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ምስክሩ ባለቤቱ ራሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሁሉ አይመራመርም። ፋይሉ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከሌለ ቃሉ ይጻፋል፣ ካለ ይዘለላል። እሷን ደግሞ ማንም ነቅፏት አያውቅም።

የሚያንቆራጥጣት በዚያው ቀን አብሯት ጡረታ የሚወጣው ተላላኪ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ፋይል ጠፋ። ፋይል ከክፍል ክፍል የሚያመላልሰው እሱ ነበርና ማስጠንቀቂያው ለእሱ ተጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቧ የራሷን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ፈቀቅ ስታደርግ ፋይሉን ከጀርባው ወድቆ አገኘችው። ለካስ ከእጇ አልወጣም ነበር። አቧራውን ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰችው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ተላላኪው በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ።

«መዝገቧ፣ ደብዳቤዬ ተወለደ ወይስ ገና ምጥ ላይ ነው?»

«ምን አስቸኮለህ?»

«ትምህርት ቤቱ ለጥበቃ ሊወስደኝ ነው። ልጆች ያሉበት ስለሆነ ያቺን ቃል ሳናይ አንቀጥርም አሉ። ነቀፋ ምንትስ የምትለዋን።»

«ነገ ና» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ።

ወደ ሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ ሄደች፤ ከደጁ ተመለሰች፤ ደግማ ሄደች። ኃላፊው የልጇ እኩያ ነው። የሆነውን ሁሉ ቆማ ነገረችው።

«እትዬ፣ ሦስት ቀን ለቀረው ነገር ምን አስጨነቀዎት?» አላት። «የእሱን ማስጠንቀቂያ ጊዜ አልፎበታል ብለን እናነሳለን። እርስዎም ቃልዎን ይዘው በሰላም ይውጡ። ማን ተጎዳ?»

መልሱ ሸክሟን ያቀለለላት መሰላት። ሁለቱንም ደብዳቤ ቃሉን አስገብታ ጻፈች። ግን ያን ቀን ደረጃውን ያለ ጉዳይ ሁለቴ ወጥታ ወረደች።

በማግስቱ ተላላኪው ደብዳቤውን ተቀብሎ ቃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቅር አሉኝ ማለት ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ አውቶቡስ ስሳፈር መቀመጫ ሥር አያለሁ። የት ጣልኩት እያልኩ።»

ቃሉን ያገኘው እንደ ምሕረት ነበር። መዝገቧ ይህን መሸከም አቃታት።

«አልጣልከውም» አለችው። «እኔ ጋ ነበር። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ። ሳገኘው ዝም አልኩ።»

ተላላኪው አንገቱን ሰገግ አድርጎ ኮምፒዩተሩ ላይ የተከፈተውን የእሷን ደብዳቤ አነበበ።

«ይቺን ቃል ማን ጻፈልሽ?»

«እኔው።»

አልሳቀም። «ቤቴ ውስጥ ቁልፍ በጠፋ ቁጥር ሚስቴ ዞር ብላ የምታየው እኔን ነው። አሥራ አንድ ዓመት። ለእኔ መናገርሽ ምን ይሠራልኛል? ለእሷ ንገሪያት።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ጎንበስ ብላ ከደብዳቤዋ ላይ ቃሉን ሰረዘች። ቦርሳዋን አንስታ ተከተለችው፤ ደረጃውን ሲወርዱ እሱ ከፊት ነበር፤ ዞሮም አላያት።