መምህር ዮሴፍ በዱቡሻ የሰጡት ቃል

መምህር ዮሴፍ አረፉ። ሰኞ ማለዳ፣ ታች ከተማ፣ ሲቀላ በቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ሄዱ። ወሬውን ወደ ተራራው መንደራችን ወደ ኦቾሎ ያመጣው ሰው የሚያመላልሰው ፒክአፕ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ «እማማ፣ የልጆቹ መምህር ሞቱ» አለኝ። አገሩ በአስተማሪ የተሞላ ነው፤ «የልጆቹ መምህር» ሲባል ግን ማን እንደሆኑ የሚጠይቅ የለም።

በእሳቸው ክፍል ያደጉት ልጆች ተሰብስበው መጡና «አንቺ ተናገሪ እማማ፤ እኛ ያኔ ትንንሾች ነበርን፣ እንዴት እንደተጀመረ አናውቅም» አሉኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን ፈትል ተሸክሜ፣ ዛሬ ጨንቻ ነገ ሲቀላ ስል የኖርኩ ነኝ፤ ወሬዬም እንደ እግሬ ዞር ዞር ይላል፣ ታገሡኝ። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ማርታ ትጽፋለች። ነገሩ ከተሳሳተ የእኔ ነው፤ ፊደሉ ከተሳሳተ የእሷ ነው።

መምህር ዮሴፍ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነበሩ። ሥራቸው፣ ከሌላው ፈጥነው የሚይዙ፣ ክፍሉ የሚጠብባቸው ልጆች በየትምህርት ቤቱ ባክነው እንዳይቀሩ ዕቅድ ማውጣት ነበር። በቢሮ ቋንቋ «ልዩ ተሰጥኦ» ይሉታል። እኔ ማርታ እለዋለሁ። ከኦቾሎ ቁልቁል ሲያዩት አባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ነው፤ ከሲቀላ ወዲያ ያለው ጫሞ ግን ሰማያዊ ነው። ይቺ ልጅ «ሁለቱም ውኃ ከሆኑ ለምን?» ብላ አስተማሪዋን ጠየቀች፤ ፓስተሩን ጠየቀች፤ ዞራ ዞራ እኔ ላይ መጣች።

«እግዜር የወደደውን ቀለም ይቀባል» አልኳት።

«በምን ይቀባል?»

በእንዲህ ያለች ልጅ ምን ይደረጋል! ክፍል ውስጥ የሚማሩትን አስቀድማ ስለምታውቀው መስኮት መስኮቱን ስታይ ትውላለች። እናቷ «ትምህርቱ ካልያዛት ጥጥ ትፍተል» ማለት ጀምራ ነበር።

ታዲያ መምህር ዮሴፍ ፈተና ሰጡና ጥቂት ልጆች መረጡ። ስማቸው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ ወደ ከተማ ወርደው ለብቻቸው ይማራሉ ተባለ። ይህ ለከተማ ሰው እልልታ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ልጅን ከእኩዮቹ ነጥሎ በአደባባይ ከፍ ማድረግ ያስፈራል። ሽማግሌዎቹ «ጎሜ ነው» አሉ፤ መዓት የሚጠራ ጥፋት ማለታቸው ነው። እኛ የወንጌል አማኞች ጎሜ አንልም፤ ልጆቻችንን ግን ከማንም ቀድመን ደበቅን። ልጇ ያልተመረጠችላት ጎረቤቴ ምንጭ ላይ አግኝታኝ «የእናንተ ወርቅ፣ የእኛ ጭቃ፤ አይደል?» አለችኝና እንስራዋን አንስታ ሄደች። ስንት ዘመን አብረን ውኃ የቀዳን ሰዎች ነን። ስማቸው የተለጠፈው ልጆች አንድ በአንድ ከትምህርት ቤት ቀሩ። የማርታ ዩኒፎርም ታጥቦ ሣጥን ገባ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ጭራሽ መጠየቅ ተወች። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

በዚህ መሐል መምህር ዮሴፍ ወደ ዱቡሻ መጡ። ዱቡሻ ሽማግሌዎቻችን የሚመክሩበት ሜዳ ነው፤ እኛ ሴቶች ከዳር ቆመን እንሰማለን። በአገራችን እርጥብ ሣር ይዞ ለይቅርታ የመጣን ሰው የሚቆጣ የለም። እሳቸውም ይህን ሰምተው ሣር ይዘዋል። ግን የከተማ ልጅ አይደሉ? ሣሩን ከታች ከሲቀላ ነጭተው፣ ያን ሁሉ አቀበት በፀሐይ ይዘውት ሲወጡ ድርቅ ብሏል። ጉባኤውን የሚመሩት አባባ ዛራ ሣሩን አገላብጠው አዩና፣

«ልጄ፣ በዚህስ እንኳን ሽማግሌ ፍየልም አይታረቅ!» አሉ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ከእግሩ ሥር ለምለሙን ነጭቶ ሰጣቸው፤ ይዘውት ተንበረከኩ።

«አጥፍቻለሁ አባቶቼ። የልጆቹን ስም መለጠፍ አልነበረብኝም። ሌላም የምነግራችሁ...»

አባባ ዛራ አላስጨረሷቸውም። «ተነሥ፣ ይቅር ብለናል። ግን ልጆቹን ከወንድሞቻቸው አትነጥልብን።»

«አባቴ፣ ፈጣኑን ከዘገምተኛው ጋር አስሬ ባቆመውም በደል ነው» አሉ መምህር ዮሴፍ።

ይሄን ጊዜ ጉባኤው ተከፈለ። ገሚሱ «እውነት ነው» አለ፤ ገሚሱ አጉረመረመ። በእኛ ወግ ሁሉም ተናግሮ ካልጨረሰ ነገር አይቆረጥም፤ ስለዚህ ሁሉም ተናገረ። ፀሐይ ዘቀዘቀች። በመጨረሻ የማርታ እናት ከዳር ሆና ጮኸች፤ ደፋር ናት ልጄ።

«ይህን ሁሉ ተዉትና አንድ ነገር ንገሩኝ! ልጄ ትማራለች ወይስ ትቀራለች?»

መምህር ዮሴፍ ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው እንዲህ አሉ፦

«ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ አንድ ክፍል ይከፈታል። ማንም በስሙ አይጠራም። ከባድ ጥያቄ በሩ ላይ እሰቅላለሁ፤ የፈለገ ሁሉ ይገባል፣ የሰለቸው ይወጣል፣ ሲያሻው ይመለሳል። ከእንግዲህ ጎበዝ ልጅ አንመርጥም፤ ጥያቄ እናቀርባለን፣ የራበው ይበላል።»

«ቃልህ ነው?» አሉ አባባ ዛራ።

«ቃሌ ነው።»

በዱቡሻ የወጣ ቃል አይመለስም። ሽማግሌዎቹ መረቁና ተነሡ።

ክፍሉ የአንድ ትምህርት ቤት አሮጌ መጋዘን ነበር። መምህር ዮሴፍ ሸሚዛቸውን ሰብስበው ራሳቸው ጠረጉት፤ አግዳሚውንም ራሳቸው ተሸከሙ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ ከገበያተኛው ጋር በፒክአፕ ተጭነው ወረዱ። እውነቱን ልናገር፣ ብዙዎቹ የወረዱት ለመኪናው ነው። እኩለ ቀን ሳይሆን ግማሾቹ ባጃጅ ሊያዩ ጠፉ። እኔ ፈትሌን እየሸጥኩ አይቻቸው ሮጬ ሄድኩና «አለቀልዎት መምህር! አስፋልት ዳር ተሰልፈው ባጃጅ ያያሉ» አልኳቸው።

«ይዩ እንጂ እማማ!» አሉኝ እየሳቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ላይ ምን ተሰቅሎ ቢገኝ ጥሩ ነው? «ባጃጅ በሦስት ጎማ ስትታጠፍ ለምን ትገለበጣለች? እንዳትገለበጥ አድርጋችሁ ሥሩልኝ።» ከሽቦና ከቆርኪ ሲሠሩ ዋሉ። የቆሙት ባጃጆች ሾፌሮች ሳይቀሩ ገብተው ተከራከሩ።

የማርታንም ጥያቄ አልረሱትም። ልጆቹን ጫሞ ዳር ወስደው በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ አስቀዱ፤ ዓሣ አጥማጆቹ «መምህር፣ ለአዞ ምሳ ይዘውለት መጡ እንዴ?» ብለው ሲቀልዱባቸው እሳቸው ፊት ፊት እየሄዱ ልጆቹን ከኋላ አደረጉ። የአባያንም አመጡ። ሁለቱን ጠርሙስ ጎን ለጎን አቁመው መልሱን ሳይነግሯቸው ተዉአቸው። ከአባያው ጠርሙስ ሥር አፈር እየሰነበተ ሲረጋ ማርታ «ቀለም አይደለም፣ ጭቃ ነው! ከየት መጣ?» ብላ ጮኸች። እሳቸው ከልጅቷ ይበልጥ ደስ አላቸው። «አየሽ፣ መልስ ማለት የሚቀጥለው ጥያቄ በር ነው» አሏት።

ባለቤታቸው በትልቅ ድስት ኩርኩፋ፣ የበቆሎ ድብልብላችንን፣ በሀለኮ ቅጠል ሠርተው ይልኩ ነበር፤ ተርቦ የወጣ ልጅ የለም። ያች «የእኛ ጭቃ» የተባለችው የጎረቤቴ ልጅ፣ ያልተመረጠችው፣ ከሁሉም ኋላ የምትወጣ ሆነች። ዛሬ አስተማሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን የምትከፍተው እሷ ናት። እናቷና እኔም እንደገና አብረን ውኃ እንቀዳለን።

አለቃ በተቀየረ ቁጥር «ይህ ነገር ለምን አይቆምም?» የሚል አይጠፋም ነበር። መምህር ዮሴፍ ክርክር አይወዱም፤ አዲሱን አለቃ በቅዳሜ ይዘውት መጥተው ከልጆቹ መሐል ያስቀምጡታል። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ እርስዎ ልዙር፣ መምህር ዮሴፍ። በለቅሶው ድንኳን ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ የዚያን ዘመን አለቃዎ ነበሩ፤ እኔ አላወቅኋቸውም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያልነገሩንን እሳቸው ነገሩኝ። እኛ ያን ቀን ልጆቻችንን ሊለምኑን የመጡ መስሎን ነበር። ለካ ያ የልጆቹ ዕቅድ በቢሮ ተሰርዞ አልቆ ነበር፤ «ይቅርታ ጠይቀው፣ መዘጋቱን ነግረው ይመለሱ» ተብለው ነው ወደ እኛ የተላኩት። ያ የዱቡሻው ረጅም ዝምታ ምን እንደነበረ አሁን ገባኝ። ደህና ይሁኑ፣ የልጆቼ መምህር። ያሳረፈዎት አምላክ ቃልዎን ሰምቷል፤ እኛም አናስተኛውም። ከዱቡሻው በማግስቱ ቢሮ ገብተው አለቃዎ «ዘጉት?» ቢሉዎት፣ እርስዎ «በዱቡሻ ቃል ሰጥቼበታለሁ፤ ከፈለጉ እኔን ይዝጉኝ» አሏቸው አሉ።