መካኒኩ የሰፋው ካሬ

አክስቴ የምትሠራውን ብርድ ልብስ «ድሪቶ» ያለ ሰው ከእሷ ጋር ሰላም አይውልም። «ድሪቶ የተቀደደ የሚጣፍበት ነው፤ እኔ ደህናውን ጨርቅ ቆርጬ ነው የምገጥመው» ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራ ጡረታ ስትወጣ «ከእንግዲህ ሰማያዊ ጨርቅ ዓይኔ እንዳያይ» ብላ ምላ ወደ አበባና ዝንጉርጉር ዞረች።

ብርድ ልብሱን እንዳለ ስፌት መኪናዋ ላይ አትጭነውም፤ መኪናዋ ትንሽ፣ ክንዷም የደከመ ነው። እያንዳንዱን ካሬ ከላይ ጨርቅ፣ መሐሉን ጥጥ፣ ከሥር ገበር አድርጋ ለብቻው ሰፍታ ትጨርሰዋለች። ካሬዎቹን የምታያይዘው በመጨረሻ፣ በቀጫጭን ጥብጣብ ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጀርባ፣ በመሐላቸው የጥጥ ቁራጭ። የጀርባውን በእጇ ትዘጋዋለች።

ዘንድሮ ልጇ አረገዘችና ለሚወለደው ሕፃን አንድ ጀመረች። ባሏ፣ ጡረታ የወጣ መካኒክ፣ «አንዱን ካሬ እኔ እሰፋለሁ፤ አያት አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?» ብሎ ሙጭጭ አለ። መርፌና ክር ሰጥታው ገበያ ሄደች። ስትመለስ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ ክሩን ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ነክሶ ሲጎትት አገኘችው።

«አላላው እንጂ!»

«እኔ ያጠበቅኩት ነገር ተፈትቶ አያውቅም።»

እውነትም አልተፈታም፤ ግን ተጨማደደ። አክስቴ ካሬዎቹን ልትገጥም ጠረጴዛው ላይ ስትደረድር የባሏ ከሌሎቹ ሁለት ጣት አነሰ። ደንቡ ሁሉንም በትንሹ ልክ መከርከም ነው። እንዲያ ካደረገች ግን የእሷ ካሬዎች ጠርዝ ላይ የተሰፉት ቅጠሎች ጫፋቸው ይቆረጣል፤ ክሩም ይተረተራል። የባሏን እንዳታስቀረው ደግሞ ሰውየው ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ «የእርስዎ ካሬ የት ጋ ገባ?» ይለዋል።

«ፍቺውና እንደገና ስፊዋ» አልኳት ልጠይቃት የሄድኩ ቀን።

«እሱ ያጠበቀውን እንኳን እኔ ክሬንም አይነቅለው። ደግሞስ የሱ እጅ ካልሆነ ምን ትርጉም አለው?»

ጥቂት ቀን ጠረጴዛውን እየዞረች ስታጉረመርም ከረመች። ከዚያ ቢጫ ጨርቅ በቀጭኑ ቆርጣ፣ ጥጥ አስገብታ፣ በባሏ ካሬ ዙሪያ ቀጠለችው። ልኩ ከሌሎቹ ጋር እኩል መጣ፤ ጥብጣቡን ስትገጥም መስመሩ ቀጥ ብሎ ወረደ።

ባሏ መጥቶ ቢጫውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አክስቴ መርፌዋ ላይ አቀረቀረች።

«ይሄ ማሟያ ነው» አለ። «እኛም ዕቃው ልኩ ሲያንስ ጣል እናደርግበታለን። ስንት ጎደለ?»

«ሁለት ጣት።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም፣ ሴትዮ?»

«ታኮርፋለህ ብዬ ነዋ! ባለፈው ሻዩን አቀጠንከው ብልህ ጀርባህን ሰጥተኸኝ አልከረምክም?»

ሊያኮርፍ ከንፈሩን አሞጠሞጠ፤ ግን ሳቁ አመለጠው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለልጅቷ ግን እንዳትነግሪ» አላት።

ልጅቷ ሆዷን አስቀድማ ስትገባ ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ አባቷ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ፍሬም ውስጥ የገባው የኔ ነው!» አላት።

«እውነቱን ነው» አለች አክስቴ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ሌሎቹ ፍሬም አላስፈለጋቸውም።»